ቦዩ የማን ነው?

የዛሬው ቃላችን «ቦይ» ነው። ሁለት ፊደል ነው፤ ቦ እና ይ። መጀመሪያ ጻፉት፤ ከዚያ አብረን እናንብብ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ቃል በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ቃሉን አንብቤዋለሁ። ውኃው ግን እኔ ማሳ አልደረሰም» አሉ። መሬታቸው በቦዩ ጭራ ነው። ቦዩ በደለል ተሞልቷል፤ የሚጠርገው የለም። በቦዩ ራስ የሚያርሱ አንዲት እናት ደግሞ «እኔ ዘንድማ ይደርሳል። ለምን ብዬ እጠርጋለሁ?» ብለው መለሱ። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። እኔም ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ይህን ትምህርት የጻፍኩት ለዚያ ነው።

፩. ደለል ከየት ይመጣል?

ደለል ውኃ ተሸክሞት የሚመጣ አፈር ነው። ዛፉ በተመነጠረ ተዳፋት ላይ ዝናብ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ውኃው ሜዳ ሲደርስ ይዘገያል። ሲዘገይ ሸክሙን ያራግፋል። የሚያራግፈውም ቦያችን ውስጥ ነው።

የሐዋሳን ሐይቅ እንመልከት። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ጨለለቃ ይገባሉ። ከዚያ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ተቀብሎ ሐይቁ ውስጥ ይጨምራቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ወንዝ ይኸው አንዱ ነው። ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ደለል እዚያው ይቀራል ማለት ነው።

ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ ነበር። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆነ። ረግረግም ቢሆን ግን ጥቅም አለው። ሣሩና ደንገሉ ጭቃውን እንደ ወንፊት ያስቀራል። ረግረጉ ተጠንፍፎ ከታረሰ ጭቃው በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ያን ጊዜ በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ እየሸጠ የሚያድረው ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የላይኛው ሰው ሥራ የታችኛውን ሰው እንጀራ ይነካል።

፪. ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ከእኛ ወደ ደቡብ ኮንሶ አለ። የኮንሶ ገበሬዎች ከ400 ዓመት በላይ በተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከን ሲሠሩ ኖረዋል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ ውኃውን ያጠራቅማል፤ የተረፈውን በመልክ ያወርዳል። «ሀርዳ» የሚባለውንም የውኃ ኩሬ የሚቆፍሩትና የሚጠግኑት በጋራ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህን መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ልብ በሉ! ቅርስ ቤተ መንግሥትና ሐውልት ብቻ አይደለም። የገበሬ እጅ የሠራው እርከንም ቅርስ ነው።

የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም በ2008 ዓ.ም. ተመዝግቧል። በዚያ በዓል ሽማግሌዎች ሕዝቡን ይመክራሉ። «ሥሩ፤ አትስነፉ፤ አትስረቁ፤ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ» ይላሉ። ዛፉ ከቆመ አፈሩ ይቆማል። አፈሩ ከቆመ ቦዩ አይደፈንም። የአባቶች ምክር የውኃ ምክርም ነው።

በአማራ አገር መስኖ ያላቸው ገበሬዎች «የውኃ አባት» ይመርጣሉ። እሱ ተራ ያከፋፍላል፤ ጠብም ያበርዳል።

በስፔን አገር፣ በቫሌንሲያ ከተማ ደግሞ የውኃ ሸንጎ አለ። ዳኞቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ናቸው። በየሐሙሱ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ይቀመጣሉ። ክርክሩ በቃል ነው፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ይህም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

በእኛም አገር ሕግ አለ። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ገበሬዎች ተደራጅተው ቦያቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል።

፫. እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቦዩን በገመድ ለኩት። ለእያንዳንዱ ቤት የሚጠርገውን ክንድ አካፍሉ። የራሱም ሰው የጭራውም ሰው ይጥረግ።

ሁለተኛ፣ መዝገብ ይኑራችሁ። ስም፣ የጠረጋ ቀን፣ የውኃ ተራ ይጻፍበት። የተጻፈ ተራ አይካድም። ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ መዝገቡን ማየት ይችላል።

ሦስተኛ፣ በላይ በኩል እርከን ሥሩ፤ ዛፍ ትከሉ። በቦዩ ዳርና በምንጩ ራስ ያለውን ሣር አትረሱት።

አራተኛ፣ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ቦዩን ማን ቆፈረው? የምንጩ ስም ከየት መጣ? የሚናገሩትን ጻፉት። እነሱ ሲያልፉ ወሬው አብሮ እንዳይቀበር።

ያ የክፍላችን ክርክር ምን ሆነ መሰላችሁ? በማግሥቱ እናቲቱን ጠየቅኋቸው። «ከእርስዎ በላይ ያለው ሰው ቦዩን ቢደፍነውስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እንግዲያው እኔም ለሌላው ጭራ ነኝ ማለት ነው» አሉ። አዲስ ደብተር አመጣን። የመጀመሪያውን ስም አባትየው በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ የእናቲቱን ስም። ውኃው ማሳቸው ገና አልደረሰም። የጠረጋው ቀን ግን ተቆርጧል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

አዳዲስ ቃላት

ተዳፋት፦ ዘቅዘቅ ያለ መሬት።
ረግረግ፦ ውኃ የማይለየው ለስላሳ መሬት።
ቅርስ፦ ከአባቶች የተረከብነው፣ ለልጆች የምናስረክበው ሀብት።

ጥያቄዎች

1. ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ አለ? ደለሉስ ወዴት ይሄዳል?
2. የኮንሶ እርከን ሦስት ሥራ ይሠራል። ጻፏቸው።
3. በእናንተ ቦይ ራስ ማን አለ? ጭራው ላይስ? ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው።