የብድር ውልና የነዳጅ ዋጋ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በደቡብ አሜሪካዊቷ ኤኳዶር በነዳጅ ዋጋ ምክንያት የደረሰውን ሁከትና የቤተ ክርስቲያን እረኞች በመካከሉ የፈጸሙትን አገልግሎት ነው።

ኤኳዶር ድፍድፍ ነዳጅ ለውጭ ገበያ የምታቀርብ አገር ብትሆንም ማጣሪያዎችዋ ስለማይበቁ ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ ታስገባለች። መንግሥትም ለአርባ ዓመታት ያህል ነዳጁን ሲደጉም ኖረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ4.2 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደላት። እዚህ ላይ አሠራሩን ማስተዋል ይገባል። አበዳሪው በተበዳሪ አገር ድንጋጌ አያወጣም፤ የበጀት ጉድለቱን እንዴት እንደሚቀንስ በደብዳቤ ገልጦ የሚፈርመው መንግሥቱ ራሱ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚለቀቀው አፈጻጸሙ እየተመረመረ በየጊዜው በመሆኑ፣ የተፈረመው ቃል ከምክር ያለፈ ኃይል አለው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሌኒን ሞሬኖ በድንጋጌ ቁጥር 883 ድጎማውን አነሡ። አንድ ጋሎን ናፍጣ ከ1.03 ዶላር ወደ 2.30 ዶላር ገደማ ወጣ።

የአበዳሪዎቹ ክርክር ከንቱ አይደለም፤ ከርካሽ ነዳጅ አብልጦ የሚጠቀመው ባለ ብዙ መኪናው ባለጸጋ ነው፣ ርካሹም ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል። ይሁን እንጂ አውቶቡሱም የድንች ጭነቱም የሚጓዘው በናፍጣ ነው። መኪና የሌላት የደጋ ገበሬ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ባትደርስም፣ ጭማሪውን በመሳፈሪያና በገበያ ትከፍለዋለች። ለችግረኛ ቤተሰቦች በወር የ15 ዶላር ተጨማሪ እርዳታ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ዋጋው ግን ቃሉ እስኪፈጸም አልጠበቀም።

የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ኪቶ ገሠገሡ፤ መንግሥት መቀመጫውን ለጊዜው ወደ ጓያኪል አዛወረ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ጥቅምት 13 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የአገሪቱ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ ሁለቱን ወገኖች በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ ውይይት አገናኙ፤ በዚያው ሌሊት ድንጋጌው እንዲሻር ስምምነት ተደረሰ። ጳጳሳቱ ዋጋ አልተመኑም፤ ከፋዩ ሕዝብ ዋጋው በሚወሰንበት ስፍራ እንዲሰማ አደረጉ እንጂ። በእኛ አስተያየት ይህ መሆን የነበረበት ደብዳቤው ሳይፈረም ነበር።

ጥያቄው በዚያ አልተዘጋም። በግንቦት 2020፣ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ባሽቆለቆለበት ወራት፣ መንግሥቱ በየወሩ የሚስተካከል የዋጋ ሥርዓት አስገባ።

በአገራችንም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የሕዝብ ማመላለሻዎች ተለይተው እንዲደጎሙ ተደርጎ ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቁምስናው ይህን ለውይይት ቢያቀርቡ እንወድዳለን፦ የነዳጅ ጭማሪ ወደ ቤታችን የገባው በየትኛው ዕቃ በኩል ነው? ከጎረቤቶቻችንስ ይበልጥ የከበደው በማን ላይ ነው?