ባለ ስድስት ኪሎዋ ውሻ

የፊዚክስ መምህር ስለ ውሻ አያያዝ መጻፉ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ነገሩ የጀመረው ከአገር የሚወጣ አንድ ባልደረባችን ቡቺ የተባለች ውሻውን አደራ ብሎ ሲተውልን ነው። ቡቺ እናቷ ቴሪየር፣ አባቷ በውል የማይታወቅ ድቅል ስትሆን 6 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። (አራት ኪሎ ስናስተምር ስድስት ኪሎ ቤታችን ድረስ መጣልን ብለው የቀለዱብን ተማሪዎች ነበሩ።) ቴሪየር የሚለው ስም የመጣው ‹‹መሬት›› የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። በብሪታንያ የተዳቀሉት ቀበሮና አይጥን ጉድጓድ ድረስ ገብተው እንዲያሳድዱ ስለነበር፣ የአበባ መደባችን በአንድ ሳምንት ውስጥ መቆፈሩ ሊደንቀን አይገባም ነበር። ያሳሳተን ሌላ ነው። ትልልቅ የግቢ ውሾች ባሉበት ቤት ስላደግን ውሻ መያዝ የምናውቅ ይመስለን ነበር።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ትንሽ ውሻ እርሷን የሚያክሉ ሁለት ወይም ሦስት ውሾችን በጀርባዋ ልትሸከም እንደምትችል፣ ፈረስ ግን እርሱን የሚያክል አንድ ፈረስ እንኳ እንደማይሸከም ገምቷል። የአጥንት ጥንካሬ የስፋት፣ ክብደት ደግሞ የይዘት ጉዳይ ነውና። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኩብ የገጽ ስፋቱ 6 ካሬ ሜትር፣ ይዘቱ 1 ሜትር ኩብ ነው። ጎኑ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 24፣ ይዘቱ 8 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚደርሰው ስፋት ከ6 ወደ 3 ወረደ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ቡቺ 48 ኪሎ ከሚመዝን ተመሳሳይ ቅርጽ ካለው ውሻ ይልቅ ለእያንዳንዱ ኪሎዋ እጥፍ ቆዳ አላት። ሙቀት የሚገባውም የሚወጣውም በአብዛኛው በዚሁ ቆዳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት የግቢ ውሻ ደጅ ሲያድር እርሷ የምትንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው። መኝታዋን ወደ ቤት አስገብተን፣ ሲሚንቶው ሙቀቷን እንዳይስብ ከሥሩ ጣውላ አነጠፍንበት።

ስለ ምግቧ ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ሕግ ይረዳናል። አንባቢ በእጅ ስልኩ ሊሞክረው ይችላል፦ 6 × 6 × 6 ብሎ 216 ያገኛል፤ የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለት ጊዜ ይጫናል፤ ውጤቱን በ70 ያባዛል። 268 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል፤ ይህ ቡቺ በዕረፍት ላይ ሆና በቀን የምታቃጥለው ነው። ለ30 ኪሎ ውሻ 897 ይሆናል። በኪሎ ሲካፈል ለእርሷ 45፣ ለትልቁ 30 ነው። መሮጥና መጫወት ሲጨመርበት የዕረፍቱ ቁጥር 1.6 ጊዜ ያህል ይባዛል።

መጠኑን ካወቅን በኋላ የምግቡ ዓይነት ይቀራል፤ እዚህ ላይ የወጥ ትራፊ ክፉኛ ያታልላል። ቀይ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ጉዳቱ የሚታየው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ15 ግራም ጀምሮ ነው። ለትልቁ ውሻ ይህ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ለቡቺ ግን 90 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። የዶሮ ወጥ የሚበላውን ሽንኩርት የምታውቅ እመቤት ስሌቱን ከእኛ በተሻለ ትሠራዋለች። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ነው፤ ‹‹ግማሽ ፍሬ ምን አላት›› አይባልም። ከክብደት ነፃ የሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው፤ ትንሹም ትልቁም ውሻ የሚወጋው እኩል መጠን ነው።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። በየካቲት ወር አንድ ቀን፣ ውጭው 24 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት፣ ቡቺን መኪና ውስጥ ትተን ‹‹ለአሥር ደቂቃ›› ወደ አንድ መደብር ገባን። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገንላት ነበር። ወረፋው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ስንመለስ ወንበሩ ላይ ተዘርግታ በኃይል ታለከልክ ነበር፤ ድዷ ደም መስሏል።

የተዘጋ መኪና ለምን እንደሚሞቅ በየዓመቱ እናስተምራለን። መስታወት ብርሃንን አሳልፎ ታሕተ ቀይ ጨረርን ያግዳል ማለት የተለመደ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን የሞቀው አየር መውጫ ማጣቱ ነው። ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1909 አንዱን ሳጥን በመስታወት፣ ሌላውን ታሕተ ቀይን በሚያሳልፍ እንደ አሞሌ ባለ የድንጋይ ጨው ከድኖ ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጣቸው ሙቀታቸው ብዙም አልተለያየም። ውጭው 22 ዲግሪ በሆነ ቀን እንኳ የቆመ መኪና በአንድ ሰዓት 20 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ትንሽ የተከፈተ መስኮት ይህን እምብዛም አይለውጠውም።

የቡቺን ሰውነት በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 21 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። በዕረፍት የምታመነጨው 13 ዋት መውጫ ቢያጣ ይህን በ27 ደቂቃ ይሞላዋል፤ ስትጨነቅና ስታለከልክ ደግሞ ምድጃው ከዚህ በእጅጉ ይነዳል። ውሻ ላብ የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ስለሆነ ተስፋው በምላሱና በመተንፈሻው የሚወጣው ትነት ነው፤ የታፈነ አየር በእርጥበት ሲሞላ ያም ይዳከማል። ጤናማ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ከ41 በላይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ጥላ ሥር አስተኝተን የመጠጥ ውኃችንን በሆዷና በእግሮቿ ላይ አፈሰስን፤ የፈተና ወረቀት በያዝንበት ክላሰር አራገብንላት። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከቆዳዋ 9 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ውኃ ቢተን 1 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች። እርጥብ ፎጣ መጠቅለል ግን ትነቱን ስለሚያፍን አይመከርም። ቀና ስትል ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት፤ በሙቀት የተጎዳ ኩላሊት ወይም ጉበት ምልክቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ሊሆን ይችላልና ዳነች ብሎ ቤት መመለስ አይገባም። ሐኪሙ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፦ ቴርሞሜትሩ 39.5 ሲደርስ ውኃውን ማቆም። ፈጥኖ የሞቀ ትንሽ ሰውነት ፈጥኖም ይቀዘቅዛልና።