ቀላል የካርቦን ተራራ ብስክሌት በቤት ውስጥ ስለመገጣጠም

መግቢያ

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ካርቦን ብስክሌት ለማውራት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። አንዷ የካርቦን ቃጫ ከሰው ፀጉር በጣም የቀጠነች ናት፤ ውፍረቷ ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ብቻዋን ብትሆን በጣት ትበጠሳለች። በሺህ የሚቆጠሩት አንድ ላይ ተደርድረው በሬዚን ሲጣበቁ ግን አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፍሬም ይሆኑና ጋላቢውን ተሸክመው ድንጋይ ለድንጋይ ይወርዳሉ።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው የካርቦን ተራራ ብስክሌት፣ በተለምዶ ማውንቴን ባይክ የሚባለውን፣ ክፍሎቹን ለየብቻ አሰባስቦ እቤት መገጣጠምን ነው። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች በማሽን ኤለመንትና በማቴሪያል ሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምንማረው ነገር እዚች ሳይክል ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። ላሳይ የምፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ሳይክሉን ቀላል የሚያደርገው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ቀላልም ሆኖ ጋላቢውን እንዳይጥል የሚያደርገው ግን ልክ ነው። በሚዛን ላይ ግራም እንደምንቆጥረው ሁሉ በብሎን ላይ ኒውተን ሜትር መቁጠር ይኖርብናል።

ነገሩ የተጀመረው እቤት ነው

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ራሱ የጓሮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ከሳንፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው ማሪን አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን ያረጁ የብረት ሳይክሎች እየሰበሰቡ፣ ከሌላ ሳይክልና ከሞተር ሳይክል የተፈታ ዕቃ እየገጠሙ ከተራራ ቁልቁል ይወርዱባቸው ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር “ሪፓክ” ይባላል። ስሙ የመጣው ከመካኒክ ሥራ ነው፤ ፔዳልን ወደኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እየጋለ ግራሶው ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፣ ከአንድ ውድድር በኋላ ማዕከሉን ፈትቶ በአዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ የራሱን ፍሬም ሠራ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1996 በአትላንታ፣ የተራራ ብስክሌት የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። ስለዚህ እቤት መገጣጠም አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ማቴሪያሉ ነው።

ካርቦን ከብረት በምን ይለያል?

የብረት እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.8 ግራም ገደማ ነው፤ የአልሙኒየም 2.7፣ ከሬዚን ጋር የተዋሐደ ካርቦን ደግሞ 1.6 ገደማ ነው። ቅለቱ ከዚህ ይመጣል። ሆኖም ትልቁ ልዩነት እፍጋቱ አይደለም። ብረት በሁሉም አቅጣጫ ጥንካሬው ያው ነው። ካርቦን ግን እንደ ሸማ ድርና ማግ አለው፤ በቃጫው አቅጣጫ ሲጎተት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ከጎን ሲጨመቅ ግን ጭነቱን የሚሸከመው ቃጫው ሳይሆን ሬዚኑ ነው። ሬዚን ደግሞ እንደ ቃጫው አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት የአሰባበሩ ነገር ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ “ተጠንቀቅ” ይላል። ካርቦን ብዙ ጊዜ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ይቆይና አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይለያያል። የብረት ሳይክል ቢሰበር ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ያስተካክለዋል፤ ካርቦን አይበየድም። የተጎዳ ፍሬም አዲስ ቃጫና ኢፖክሲ እየደረበ የሚጠግን ባለሙያ አለ፤ የተሰነጠቀ መሪ ግን ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ቁልቁለት ላይ መሪ እጅ ላይ ሲሰበር የሚተርፍ ጥርስ የለምና።

የክብደት በጀት

ከመግዛት በፊት በወረቀት መደመር ይሻላል። የፊት ሞላ ብቻ ላለው፣ ባለ 29 ኢንች ጎማ ብስክሌት የሚከተለውን በጀት እንውሰድ፦

ፍሬምና የፊት ሹካ፦ 2,600 ግራም
ቸርኬ፣ ጎማና የጎማ ፈሳሽ፦ 3,000 ግራም
ክራንክ፣ ካቴና፣ ካሴትና ማርሽ ቀያሪ፦ 1,580 ግራም
ፍሬኖች ከነዲስካቸው፦ 650 ግራም
መሪ፣ የመሪ አንገት፣ እጀታ፣ የኮረቻ ዘንግና ኮረቻ፦ 740 ግራም
ፔዳል፦ 310 ግራም
ኩሽኔታ፣ ገመድና ልዩ ልዩ፦ 200 ግራም

ድምሩ 9,080 ግራም ይመጣል። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛው የሚሽከረከረው ክፍል መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ፍሬሙ ላይ ብቻ ነው።

እሺ፣ ቅለት ስንት ይጠቅማል? 65 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ እንጦጦን በመሰለ ዳገት 500 ሜትር ከፍታ ይውጣ እንበል። የአየርና የጎማ ሰበቃን ለጊዜው እንተው። ሳይክሉ 10 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 75 ኪሎ ነው፤ የሚያስፈልገው ጉልበት 75 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ500፣ ማለትም 368,000 ጁል ያህል ነው። ጋላቢው 200 ዋት ቢያወጣ 1,839 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሳይክሉ 12 ኪሎ ቢሆን 1,888 ሰከንድ ይሆናል። ልዩነቱ 49 ሰከንድ ነው። ለተወዳዳሪ ይሄ ብዙ ነው፤ ለመዝናናት ለሚጋልብ ግን መሪን አሳስቶ ጤናን አደጋ ላይ እስከ መጣል የሚያደርስ አይደለም።

የሚሽከረከር ክብደትስ? ቸርኬ ጠርዝ ላይ ያለ ግራም ወደፊትም ይሄዳል፣ ይሽከረከራልም። ስለዚህ ፍጥነት ስንጨምር የሚወስደው ጉልበት ፍሬም ላይ ካለ ግራም እጥፍ ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ዳገት ስንወጣ ግን ልዩነት የለውም፤ ግራም ያው ግራም ነው። ተራራ ላይ ግን በየኩርባው ፍሬን ይያዛል፣ እንደገና ይነሳል። በዚህ ምክንያት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ቸርኬና ጎማ ነው። የውስጥ ጎማን ትቶ በፈሳሽ መጠቀም አንዱ መንገድ ነው፤ ክብደት ከመቀነሱም በላይ እሾህ የሚወጋውን ትንሽ ቀዳዳ ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል። የፊቱን ማርሽ ቀያሪ ማስቀረት ሌላው ነው። ስራም የተባለው ኩባንያ በ2012 ከፊት አንድ ጥርስ፣ ከኋላ 11 ያለውን፣ በ2016 ደግሞ ከኋላ 12 ያለውን ካወጣ ወዲህ ይህ አሠራር ተለምዷል።

ከመግዛት በፊት የሚለኩ ነገሮች

የተራራ ብስክሌት ዕቃ ሁሉ እርስ በርሱ አይገጥምም። በተለይ ከውጭ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣለት ሰው ዕቃው ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውምና፣ አስቀድሞ እነዚህን ጽፎ ይላክ፦ የኋላ አክስል ስፋት (በብዙ አዳዲስ ፍሬሞች 148 ሚሊ ሜትር)፣ የፊት አክስል (110 ሚሊ ሜትር)፣ የኮረቻ ዘንግ ውፍረት (27.2፣ 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር)፣ የሹካ አንገት ዓይነት፣ የክራንክ ኩሽኔታ ዓይነት (ፊሌቶ ያለው ነው ወይስ ተጨምቆ የሚገባ?)። ኮረቻ ዘንግ ላይ የ0.7 ሚሊ ሜትር ስህተት እንኳ አይታለፍም፤ ያላግባብ የሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ዘንጉን በማጥበቅ ብዛት ለማስያዝ መሞከር ፍሬሙን መሰንጠቅ ነው።

የሁሉም ቁልፍ፦ ቶርክ ሬንች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሪውን የሚይዙት አራት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሚፈቀደውም ጥብቀት 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ቶርክ ማለት የቶርክ ኮኤፊሸንት (ለደረቅ ብሎን 0.2 ገደማ) ሲባዛ በብሎኑ ውፍረት ሲባዛ በሚፈጠረው የመጨመቅ ኃይል ነው። 5 ኒውተን ሜትርን ለ0.2 እና ለ0.005 ሜትር ስናካፍል 5,000 ኒውተን እናገኛለን። ይህ በአንድ ብሎን ነው። በአራቱ 20,000 ኒውተን፣ ማለትም የ2 ቶን ያህል ጭነት በዚያች ቀጭን ቱቦ ላይ አርፏል!

ታዲያ በእጅ ግምት ብናጠብቅስ? ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ተራ ቁልፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ለማንም ቀላል ነው። ውጤቱ ግን 10 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም 4 ቶን ነው። ብሎኑ ላይ ግራሶ ተቀብቶ ከሆነ ሰበቃው ስለሚቀንስ የመጨመቁ ኃይል ከዚህም ይበልጣል። ብረት ሳይክል ላይ የለመደ እጅ “ትንሽ ልጨምርበት” ሲል ካርቦኑን ከጎን እየጨፈለቀ ነው፤ ድምፅ ላይሰማ፣ ምልክትም ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ውድ ክራንክ ሳይሆን ከ2 ኒውተን ሜትር ጀምሮ የሚለካ ትንሽ ቶርክ ሬንች ይሁን። የመኪና ጎማ የሚፈታበት ትልቁ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክፍሉ ላይ የታተመው ቁጥር ሁልጊዜ ይቀድማል። አራቱን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቁ በ2፣ ከዚያ በ4፣ ከዚያ በ5 ማጥበቅና ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን ማየት ነው። ካርቦን በሚያያዝበት ቦታ ግራሶ ሳይሆን የካርቦን ማጣበቂያ ቅባት ይቀባል፤ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ሰበቃ ስለሚጨምሩ ያነሰ ጥብቀት ይበቃል።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ፍሬሙን በሞርሳ አለመያዝ። ማቆሚያ ካለ በኮረቻ ዘንጉ፣ ይመረጣል በአሮጌ የአልሙኒየም ዘንግ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ የክራንክ ኩሽኔታ። ፊሌቶ ባለው የእንግሊዝ ዓይነት የቀኙ ጎን በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ የግራ ፔዳልም እንዲሁ። ይህን ሳያውቁ በጉልበት መግፋት ፊሌቶውን ይበላዋል። ተጨምቆ የሚገባው ዓይነት በመጭመቂያ እንጂ በመዶሻ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሹካው። የሹካው አንገት ሲቆረጥ “ሁለቴ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ” ነው። ካርቦን ከሆነ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሰጌቶ፣ ቦታው በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በውኃ እየራሰ ይቆረጣል። አቧራው ለሳንባ ስለማይሆን ጭምብል የግድ ነው። ከላይ ያለው የክዳን ብሎን ሹካውን የሚይዝ የሚመስላቸው አሉ፤ ሥራው ግን የኩሽኔታውን ወዝዋዜ ማጥፋት ብቻ ነው። ሹካውን የሚይዙት የመሪ አንገቱ የጎን ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑ በቀስታ፣ ቀጥሎ የጎኖቹ በልካቸው።

አራተኛ፣ የሚሽከረከረው ክፍል። የካሴቱ መያዣ ቀለበት 40 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ችግሩ ማላላት ነው። ልክ ሲባል ማነስም መብዛትም አለው።

አምስተኛ፣ ፍሬን። ሺማኖ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው፤ ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች ደግሞ ዶት 5.1 የተባለውን ፈሳሽ። አንዱን በሌላው መተካት ጎሚኒውን ያበላሻል። ዲስኩን በግራሶ እጅ አለመንካት።

ስድስተኛ፣ የኮረቻ ዘንግ። ዘንጉ ላይ የተሰመረው የመጨረሻ ምልክት ፍሬሙ ውስጥ መግባት አለበት። የአልሙኒየም ዘንግ ካርቦን ፍሬም ውስጥ ከሆነ በላብና በእርጥበት ምክንያት አልሙኒየሙ ይዝጋል፣ ተጣብቆም ይቀራል፤ ስለዚህ በየጥቂት ወሩ አውጥቶ ማጽዳትና እንደገና ቅባቱን መቀባት ነው።

ከመጀመሪያው ጉዞ በፊትና በኋላ

ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ፍሬኑን 20 ጊዜ ያህል ቀስ እያሉ በመያዝ ማለማመድ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ብሎኖቹን ሁሉ በቶርክ ሬንች እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ከወደቁ በኋላ ሳይክሉን አጥቦ፣ በብርሃን እያዩ፣ በሳንቲም መታ መታ ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው። ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ከደነዘዘ እዚያ ውስጥ ሽፋኖቹ ተላቀው ሊሆን ይችላል። ፈተናው ግን “ደህና ነው” የሚል የምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ጥርጣሬ ካለ አለመጋለብ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው 2 ኪሎ መቀነስ ረጅም ዳገት ላይ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ያተርፋል፤ አንድ ብሎን ላይ 5 ኒውተን ሜትር መሳት ግን ቁልቁለቱ ላይ መሪውን ሊያሳጣ ይችላል። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ድሩ አንበሳውን የሚያስረው በሚገባው አቅጣጫ ሲሳብ ነው፤ ከጎን ከጨፈለቁት ድር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ወደ ሥራ ዓለም ስንወጣም የሚጠብቁን ብሎኖች ከሳይክል ብሎን የሚበልጡ ናቸው፤ ድልድይ ላይም፣ ተርባይን ላይም፣ የፋብሪካ ማሽን ላይም ይሁን “በእጄ አውቀዋለሁ” ከማለት ለክቶ መጻፍን ከአሁኑ እንልመድ። ቸር እንሰንብት።