የኮንክሪት አውድማ አሠራር፦ ከቦታ መረጣ እስከ ውሃ ማጠጣት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲጨርሱ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ የኮንክሪት አውድማ ለመሥራት ምን ያህል ዕቃ እንደሚያስፈልግ ማስላት፣ ሥራውን በቅደም ተከተል መምራት፣ እንዲሁም የሚቀጥሩት ግንበኛ በትክክል መሥራቱን ራስዎ መቆጣጠር ይችላሉ።

1. የኮንክሪት አውድማ ለምን?

በእበት የተለቀለቀ የአፈር አውድማ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ብዙ አገልግሏል። ነገር ግን እህሉ ከአፈር፣ ከጠጠርና ከእበት ጋር ይቀላቀላል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ ስንጥቅ ውስጥ የገባው አይለቀምም። ገዢው ጠጠር ካየ ዋጋ ይቀንሳል፤ ወፍጮ ቤትም ያማርራል። በቆሎና በርበሬ እርጥብ መሬት ላይ ሲሰጡ ደግሞ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል።

የኮንክሪት አውድማ ይህን ይቀንሳል። ሆኖም በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ ነው። የተበላሸ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ይታረሳል፤ የተበላሸ ኮንክሪት ግን በመዶሻ ከመፍረስ በቀር መድኃኒት የለውም። እርስዎ ደግሞ ሞዴል ነዎት። አውድማዎ ቢሰነጠቅ ጎረቤቶችዎ "ይኸው አየነው" ብለው ይተዉታል፤ ቢያምር ግን መንደሩ ይከተልዎታል።

2. መቼና የት ይሠራ?

ጊዜ፦ ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ሲከፈት፣ ምንጩና ወንዙ ገና ውሃ ሳያጎድል፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን ለመያዝ ወደ 28 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ከውቂያ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ይጨርሱ። በደጋ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ውርጭ ሳይገባ ይሥሩ፤ ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት በውርጭ ይጎዳል።

ቦታ፦ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ጎርፍ የማያልፍበት፣ ከከብቶች በረትና ከጭስ ማውጫ የራቀ ይሁን። ጥልቅ ዋልካ አፈር ያለበትን ቦታ ይተዉ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለውን ኮንክሪትም አብሮ ይሰነጥቀዋል።

3. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መለኪያችን ሳጥን ነው። ከውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከጣውላ የተሠራ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል። ይህም ከአንድ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ጋር ይቀራረባል። ድብልቁ 1 ለ 2 ለ 3 ነው፤ ለ1 ከረጢት ሲሚንቶ 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ማለት ነው። በአካፋ መቁጠር ይቅር፤ የአንዱ ሰው አካፋ ከሌላው አይመሳሰልም።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10 ሜትር በ10 ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 10 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሆናል። በዚህ ድብልቅ 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከ7 ከረጢት ትንሽ የሚበልጥ ሲሚንቶ ይወስዳል። ስለዚህ፦

• ሲሚንቶ፦ 75 ከረጢት
• አሸዋ፦ 6 ሜትር ኩብ
• ጠጠር፦ 9 ሜትር ኩብ
• ለመሠረት የሚሆን ጠንካራ ድንጋይ፦ 20 ሜትር ኩብ ገደማ
• ከድንጋዩ ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ፣ ለጎን የሚቆሙ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ጣውላዎች፣ ችካል፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ በርሜል፣ ባሬላ፣ አካፋ፣ የእንጨትና የብረት ማለስለሻ

የ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማስጫና ለቀላል መውቂያ ማሽን ይበቃል። ትራክተር ወይም የጫነ መኪና የሚወጣበት ከሆነ ውፍረቱን 15 ሴንቲ ሜትር ያድርጉና የዕቃውን መጠን በግማሽ ይጨምሩ፤ ስለ ፌሮ ብረት ባለሙያ ያማክሩ።

የአሸዋ ፍተሻ፦ ግልጽ የሆነ የላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ ይሙሉ። ውሃና ትንሽ ጨው ጨምረው አጥብቀው ይነቅንቁ፤ ለ3 ሰዓት ያስቀምጡ። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል። በ10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ጭቃ ከታየ አሸዋውን ይጠቡት ወይም ይመልሱት። ሲሚንቶውን ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ። የጠጠረና በጣት የማይፈርስ ሲሚንቶ አይጠቀሙ።

4. መሠረቱን ማዘጋጀት

ሀ. ሣርና ሥር ያለበትን የላይ አፈር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ያንሱ። ይህ አፈር ለማሳ እንጂ ለመሠረት አይሆንም።

ለ. ችካል ተክለው ሲባጎ ይወጥሩ። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ከአንዱ ጥግ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ይለኩ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር መሆን አለበት።

ሐ. ለዝናብ ውሃ ተዳፋት ይስጡ፤ በ1 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ይህ ማለት በ10 ሜትር ርዝመት አንዱ ጫፍ ከሌላው 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ተዳፋቱ አሁን፣ ከመሠረቱ ይጀምር። በኋላ በኮንክሪት ማስተካከል አንዱን ጎን ያሳሳል፤ የሳሳው ጎን ደግሞ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

መ. ድንጋዩን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አቁመው ይደርድሩ። ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይና በገረጋንቲ ሞልተው፣ ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁ። ሰው ረግጦት የሚነቃነቅ ድንጋይ መኖር የለበትም።

ሠ. ከላዩ ስስ አሸዋ ነስንሰው ላስቲኩን ያንጥፉ። ላስቲኩ ሁለት ሥራ አለው፦ የኮንክሪቱ ውሃ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ይከለክላል፤ ከመሬት የሚመጣውም እርጥበት ወደ እህሉ እንዳይደርስ ያግዳል።

5. በመደዳ ከፋፍሎ መሙላት

100 ካሬ ሜትር በአንድ ቀን በእጅ ለመሙላት አይሞክሩ። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሰፊ ሆኖ አንድ ወጥ ከተሞላ ራሱ በፈለገው ቦታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አውድማውን በተዳፋቱ አቅጣጫ በ4 መደዳ ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ50 ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። በመጀመሪያው ቀን 1ኛውን፣ በሁለተኛው ቀን 3ኛውን ይሙሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ጣውላውን አንስተው 2ኛውንና 4ኛውን ይሙሉ። አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዳይጣበቅ በመካከላቸው ላስቲክ ያቁሙ።

አንድ መደዳ 2 ሜትር ከግማሽ ኩብ ኮንክሪት ወይም 19 ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይወስዳል። በደቦ ከ12 እስከ 15 ሰው ካለ በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚያቦካ፣ ማን እንደሚያመላልስ፣ ማን እንደሚያስተካክል ይመድቡ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምሩ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ይጨርሱ።

6. ማቡካት፣ መሙላትና ማስተካከል

በንጹሕ ላሜራ ወይም ጠንካራ ወለል ላይ አሸዋውንና ሲሚንቶውን ደረቁን ቀለማቸው አንድ እስኪሆን ያገላብጡ። ጠጠሩን ይጨምሩና እንደገና ያገላብጡ። ከዚያ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ያፍስሱ።

ለ1 ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሩቡ ጋር ይበቃል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህ ይቀንሱ። ሠራተኞች አካፋ እንዲቀላቸው "ውሃ ጨምር" ይላሉ። እዚህ ላይ ይጽኑ፤ አብዛኛው አውድማ የሚበላሸው በዚህ ቃል ነው። የበዛው ውሃ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ይተዋል፤ ኮንክሪቱ ይደክማል፣ ላዩም ዱቄት ይሆናል። ውሃ የተጨመረበት ኮንክሪት በ1 ሰዓት ውስጥ ቦታው ይግባ። መጠጠር የጀመረውን በውሃ አለስልሰው አይጠቀሙ።

ኮንክሪቱን ከመደዳው አንድ ጫፍ ጀምረው ይሙሉ። በአካፋና በፌሮ ብረት እየወጉ፣ በተለይ በጣውላው ጥግ፣ አየሩን ያስወጡ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ቀጥ ያለ ጣውላ በሁለቱ የጎን ጣውላዎች ላይ አጋድመው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ያስተካክሉ። ጎድጎድ ያለውን በኮንክሪት እንጂ በሲሚንቶ ውሃ አይሙሉ።

7. ማለስለስ፦ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል

ካስተካከሉ በኋላ ከላይ ውሃ ያቀርራል። በዚህ ጊዜ እጅዎን ይሰብስቡ። ያቀረረው ውሃ ሳይጠፋ ማለስለሻ ማሳረፍ፣ ወይም ውሃውን ለማድረቅ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስ፣ በዕለቱ ያምራል፤ በዓመቱ ግን ላዩ እየተላጠ ከእህሉ ጋር ይጠረጋል።

ውሃው ጠፍቶ የላዩ ብርቅታ ሲደበዝዝ፣ ቆመውበት የእግርዎ ዱካ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲገባ፣ ጊዜው ደርሷል። ጣውላ ላይ ተንበርክከው በእንጨት ማለስለሻ ዙሪያውን እያሹ ያስተካክሉ። በሬ የሚያበራዩበት ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ሻካራነቱ በሬው እንዳይንሸራተት ይረዳል። ለማስጫና ለማሽን ውቂያ ከሆነ ጥቂት ቆይተው በብረት ማለስለሻ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይዳብሱ፤ ጤፍ በመጥረጊያ ሙልጭ ብሎ ይነሣል።

በዚያው ዕለት በየ2 ሜትር ከ50 መደዳውን አቋርጦ 2 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ጥልቀት ያለው መስመር በላሜራ ያስገቡ። ኮንክሪቱ ሲኮማተር በዚህ መስመር ይሰነጠቃል እንጂ መሐሉን አይነካም። ኋላ ሲደርቅ መስመሩን በሬንጅ ይሙሉት፤ እህል አይገባበትም።

8. ውሃ ማጠጣት

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ውሃ እየጠጣ ነው። ላዩ በጣት ሲነካ የማይጎዳ ሲሆን እርጥብ ጆንያ ወይም ገለባ ያልብሱት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያጠጡ፤ ጆንያው ከቶ አይድረቅ። ለተራ ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቀስ ብሎ ለሚጠነክረው ፒፒሲ ሲሚንቶ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥሉ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ይጠይቃል። ለቤተሰብዎ ተራ ያውጡ።

ለአንድ ቀን ማንም አይርገጠው። ለ7 ቀን ከብት አይግባበት፤ ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩ። ትራክተርና ከባድ ማሽን ከ28 ቀን በኋላ ይውጣበት። እህል ከማስጣትዎ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ አጥበው ይጥረጉት።

9. ጥንቃቄ

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። በባዶ እግር ኮንክሪት ውስጥ አይቁሙ፤ ቦቲ ጫማና የእጅ ጓንት ያድርጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ሕፃናት ከማቡኪያው አካባቢ ይራቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ከተሠሩ የሲሚንቶ ወለሎች የተሰነጠቀ አለ? ምክንያቱ ከመሠረቱ፣ ከውሃው ብዛት ወይስ ከማጠጣት ጉድለት ይመስላችኋል?
2. የአውድማችሁ ስፋት 8 ሜትር በ8 ሜትር ቢሆን ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል?
3. ብቻችሁን ለመሥራት አቅም ባይኖር፣ ለአንድ የልማት ቡድን የጋራ አውድማ ማን ቦታ ይሰጣል? የማስጫ ተራውስ እንዴት ይወጣል?

የተግባር ሥራ፦ በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ሰው ከአካባቢው ወንዝ አንድ ጠርሙስ አሸዋ ይዞ ይምጣ። ፍተሻውን አብረን እናደርጋለን፤ የትኛው አሸዋ ለአውድማ እንደሚሆንም በዓይናችን አይተን እንለያለን።