የኮምፒዩተር መስኮት እንዴት ይዛወራል? እንዴትስ ይሰፋል?

ኮምፒዩተር በተከፈተ ጊዜ በስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን ሆነው የሚታዩት፥ ጽሑፍና ሥዕል የያዙት ገጾች «መስኮት» ይባላሉ። እነዚህን መስኮቶች በማውስ ይዘን ከቦታ ወደ ቦታ እናዛውራለን፤ ጠርዛቸውንም ስበን እናሰፋቸዋለን ወይም እናጠባቸዋለን። ሥራው ለእጃችን ቀላል ነው። ዳሩ ግን ከስክሪኑ በስተጀርባ ይህን የሚፈጽመው ፕሮግራም የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። እኔም ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ጭምር ስለ ሆነ፥ ለትምህርት ጓደኞቼ ይጠቅማል በማለት እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መስኮቶች ታሪክ ጥቂት ልናገር። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል «አልቶ» የሚባል ኮምፒዩተር ተሠራ፤ ቈይቶም አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ መስኮቶች በእርሱ ላይ ታዩ። በ1984 ዓ.ም. የአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽን አወጣ፤ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ኤክስ» የተባለው የመስኮት ሥርዐት ተጀመረ። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ የመጀመሪያው እትም በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ የፕሮግራሞቹ መስኮቶች ጐን ለጐን ይደረደሩ ነበር እንጂ አይደራረቡም ነበር፤ መደራረብ የመጣው በ1987 ዓ.ም. በወጣው በሁለተኛው እትም ነው። መስኮት በመስኮት ላይ ከተደረበ ደግሞ የታችኛውን ለማየት የላይኛውን ገለል ማድረግ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ማዛወርና ማስፋት ከፕሮግራም ጸሐፊ ዕለታዊ ሥራዎች አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንሂድ። ስክሪን ማለት እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ካሬዎች የተከፋፈለ የግራፍ ወረቀት ማለት ነው። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ወርዱ 1366፥ ቁመቱ 768 ፒክስል ነው። በሒሳብ ክፍል ዜሮን ከወረቀቱ በታች በግራ በኩል አድርገን ወደ ላይ መቍጠር ለምደናል። በስክሪን ላይ ግን ዜሮ የሚገኘው ከላይ በግራ ማዕዘን ነው፤ ቍጥሩም ወደ ታች በወረድን መጠን ይጨምራል። ይህም የሆነበት ምክንያት የቀድሞው የቴሌቪዥን ስክሪን ብርሃኑን ከላይ ከግራ ጀምሮ መስመር በመስመር ወደ ታች ይሥል ስለ ነበር ነው። እኛም ፊደላችንን የምናነበው በዚሁ አኳኋን ስለ ሆነ ነገሩን ለማስታወስ አያዳግትም።

እንግዲህ የአንድ መስኮት ጠቅላላ ነገር በአራት ቍጥሮች ይገለጻል፤ እነርሱም ወርድ፥ ቁመት፥ ከስክሪኑ ግራ ያለው ርቀትና ከላይ ያለው ርቀት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መጠኑን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ቦታውን ይናገራሉ። በኤክስ ሥርዐት ለዚህ ሦስት ፈንክሽኖች አሉ፤ አንደኛው ያዛውራል፥ ሁለተኛው መጠኑን ይለውጣል፥ ሦስተኛው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይፈጽማል። በዊንዶውስ ደግሞ «ሙቭዊንዶው» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ የስሙ ትርጕም ማዛወር ብቻ ቢሆንም አራቱንም ቍጥሮች ይጠይቃል። እኔ በምሠራበት በፓይተን ቋንቋ፥ «ቲኪንተር» በሚባለው የመሣሪያ ስብስብ ውስጥ «ጂኦሜትሪ» የሚባል ፈንክሽን ይገኛል። ለእርሱ «400×300+483+234» ብለን ብንሰጠው፥ ወርዱ 400 ቁመቱ 300 የሆነ መስኮት ከግራ 483፥ ከላይ 234 ላይ ይቆማል። ይህም ልክ የስክሪኑ መካከል ነው፤ ከ1366 ላይ 400 ቀንሰን ለሁለት ስናካፍል 483፥ ከ768 ላይ 300 ቀንሰን ለሁለት ስናካፍል 234 ይመጣልና። በመካከል ያለችው የማባዣ ምልክት በእውነተኛው ፕሮግራም ውስጥ የላቲን ፊደል ኤክስ ሆና ትጻፋለች። መጠኑን ብቻ ብንሰጠው ቦታውን ሳይነካ ያሰፋል፤ ቦታውን ብቻ ብንሰጠው መጠኑን ሳይነካ ያዛውራል።

ማዛወርና ማስፋት ወንድማማች ቢመስሉም ጠባያቸው ይለያያል። ረከቦት ከነስኒዎቹ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ቢወሰድ ስኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ያላቸው ቦታ አይለወጥም። እንደዚሁም መስኮት ሲዛወር በውስጡ ያሉት ቁልፎችና ጽሑፎች ቦታቸው የሚለካው ከስክሪኑ ሳይሆን ከመስኮቱ ማዕዘን ስለ ሆነ፥ የእነርሱ ቍጥር እንዳለ ይቀራል። መስኮቱ ሲሰፋ ግን አዲስ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ይህን ቦታ ለማን እናካፍለው የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቲኪንተር ለዐምዶቹና ለረድፎቹ የክብደት ቍጥር ካልተሰጣቸው መስኮቱ ሲሰፋ ይዘቱ አብሮ አይሰፋም። ሲጠብም ቁልፎች ከዓይን እንዳይሰወሩ «ሚንሳይዝ» በሚባለው ፈንክሽን የመጨረሻውን ትንሽ መጠን መወሰን ያስፈልጋል።

ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበትም ጊዜ አለ። አንድ መስኮት ከግራ 100 ላይ ቆሞ ወርዱ 400 ቢሆን፥ የቀኝ ጠርዙ 500 ላይ ነው። የቀኙን ጠርዝ ብንስብ ወርዱ ብቻ ይለወጣል። የግራውን ጠርዝ ወደ ግራ 50 ብንስብ ግን ግራው 50፥ ወርዱ 450 መሆን አለበት፤ ድምራቸው አሁንም 500 ነው። ወርዱን ብቻ 450 ብናደርግ የቀኙ ጠርዝ ሳንነካው ወደ 550 ይሸሻል። ቦታውንና መጠኑን በሁለት ትእዛዝ ለያይተን ብንሰጥ ደግሞ መስኮቱ በመካከል ሲንቀጠቀጥ ሊታይ ይችላል። አራቱን ቍጥሮች ባንድ ትእዛዝ መስጠት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተዋሱትንና የተመለሱትን መጻሕፍት የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መስኮቱ በተዘጋበት ቦታ ተመልሶ እንዲከፈት፥ ሲዘጋ አራቱን ቍጥሮች በፋይል እንዲጽፍ፥ ሲከፈትም እንዲያነባቸው አደረግሁ። በወላጆች ቀን ኮምፒዩተሩ ከፕሮጄክተር ጋራ ተያያዘ፤ ፕሮጄክተሩም ከስክሪኑ በስተቀኝ እንደ ተቀጠለ ሁለተኛ ስክሪን ሆነ። መስኮቱን ወደዚያ ስቤ ለእንግዶች አሳየሁ፤ ሲጨበጨብልኝም ደስ ብሎኝ እዚያው ዘጋሁት። ፋይሉም «ከግራ 1500» ብሎ ጻፈ።

ሰኞ ጧት ፕሮጄክተሩ ተነቅሏል፤ ስክሪኑ በ1366 ያበቃል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፕሮግራሙን ቢከፍቱ ምልክቱ በስክሪኑ ግርጌ ይታያል፤ መስኮቱ ግን የለም። ደጋግመው ቢሞክሩም ያው ሆነ። ተማሪዎች ተሰልፈው ይጠብቁ ስለ ነበር የዕለቱን ሥራ በብጣሽ ወረቀት መጻፍ ጀመሩ። ማታ ሄጄ ብጠይቃቸው «ልጄ፥ ፕሮግራምህ ሞቷል» አሉኝ። አልሞተም ነበር፤ ማንም ሊያየው በማይችልበት ቦታ ቆሞ ነበር እንጂ። ፋይሉን ከፍቼ 1500 የሚለውን ባየሁ ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ጕዳቱ ግን በዚያ አላበቃም። ከብጣሾቹ አንዱ ጠፋ፤ በዚያ ወረቀት ላይ መጽሐፍ መመለሱ የተጻፈለት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «የፊዚክስ መጽሐፍ አልመለስህም» ተብሎ ተጠየቀ። ልጁ ሰኞ ጧት መልሻለሁ እያለ ቢምልም በመዝገቡ ላይ አልተገኘም። ከሦስት ቀን በኋላ መጽሐፉ በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ኃላፊዋ ልጁን ይቅርታ ጠየቁት፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ግን እኔ ስለ ሆንሁ እኔም ሄጄ ጠየቅሁት።

መድኃኒቱ ከዐሥር መስመር የማይበልጥ ጽሑፍ ነበር። ፕሮግራሙ መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት የዋናውን ስክሪን ወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያም ላይ የመስኮቱን ወርድ ይቀንሳል። ከ1366 ላይ 400 ሲቀነስ 966 ይቀራል፤ በፋይሉ ያለው ቍጥር ከ966 ቢበልጥ 966 ይሆናል፥ ከዜሮም ቢያንስ ዜሮ ይሆናል። ለቁመቱም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በቲኪንተር ከመስኮቱ በላይ ያለው የርእስ መስመር በቁመቱ ስለማይቈጠር ለእርሱ ጥቂት ቦታ መተው ያስፈልጋል። አሁን 1500 ቢመጣ መስኮቱ በስክሪኑ ቀኝ ዳር ይቆማል፤ ሁሉም ያየዋል።

በመጨረሻም ከእኔ በኋላ ለምትጽፉ ታናናሾቼ ምክሬ ይህ ነው። መስኮት የምታንቀሳቅሱ ከሆነ አስቀድማችሁ በግራፍ ወረቀት ላይ ሣሉት፤ ትናንት ልክ የነበረ ቍጥር ዛሬም ልክ ነው ብላችሁ አትመኑ። መጥኖ መደቆስ ከወጥ ቤት ውጭም ይሠራል። ከቍጥሩ ማዶ ወረፋ የያዘ ሰው እንዳለ አትርሱ፤ እኔ ረስቼው የነበረው እርሱን ነበርና።