ለቤተ መጻሕፍት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ አንባቢ በሙያቸው ሁለተኛ ዲግሪ መማር ቢፈልጉም፣ ባለቤታቸው «መጽሐፍ ለማዋስ ማስተርስ ምን ያደርጋል? ይልቅ ማኔጅመንት ተማሪ» እያሉ እንደሚከራከሯቸው፣ እሳቸውም ልጆች እያሳደጉ ጊዜና ገንዘብ እንዳያባክኑ መስጋታቸውን ገልጸው ምክር ጠይቀዋል።

ምላሽ፦ የባለቤታቸው ጥርጣሬ የሚመነጨው የሙያው ዋና ሥራ ከማዋሻው ጠረጴዛ ጀርባ የሚከናወንና ለተገልጋይ የማይታይ በመሆኑ ነው። ካታሎግ ማዘጋጀት፣ ማለትም የእያንዳንዱን መጽሐፍ ደራሲ፣ ርዕስና የትምህርት ዘርፍ ለይቶ ተፈልጎ በሚገኝበት መልክ መመዝገብ፣ በአማርኛ መጻሕፍት ላይ ሲሆን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሀዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች መመዝገብ ያለባቸው በራሳቸው በደራሲው ስም ሆኖ ሳለ፣ የውጭውን ልማድ የተከተለ ባለሙያ በአባታቸው ስም ቢያስገባቸው፣ ወይም አንዱ «ሀዲስ» ሌላው «ሐዲስ» ብሎ ቢጽፍ፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ አንባቢው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያርም ዕውቀት በልምድ ብቻ አይሟላም፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ የሙያው ክብር ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተጀመረው የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚሰጠው በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ስያሜ ሲሆን፣ በዚህ ስያሜ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ከካታሎግና ከሰነድ ጥበቃ ይልቅ ወደ ዳታቤዝና ፕሮግራሚንግ ሊያዘነብሉ ስለሚችሉ፣ ጠያቂዋ ከመመዝገባቸው በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አስቀርበው ሊመረምሩ ይገባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ደመወዝ የሚወሰነው በተያዘው የሥራ መደብ እንጂ በዲግሪው ስላልሆነ፣ ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ ከፍ ያለ መደብ በመሥሪያ ቤታቸው መዋቅር ውስጥ መኖሩን ከሰው ኃይል አስተዳደር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ የትምህርት ወጪውን ቢሸፍን ደግሞ፣ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ ውል ሊያስፈርም ስለሚችል፣ ውሉ ከባለቤታቸው ጋር ተነብቦ ቢፈረም ይመረጣል።

መደቡ ካለና ኮርሶቹ ከሚወዱት ሥራ ጋር ከተስማሙ፣ ጠያቂዋ በሙያቸው ይቀጥሉ። መደቡ ከሌለ ግን ከኪሳቸው ከፍለው አይጀምሩ፤ አጫጭር ሥልጠናዎችን እየወሰዱ ዕድሉን መጠበቅ ይሻላቸዋል። ልባቸው የሌለበትን ማኔጅመንት ለዲግሪው ሲሉ ብቻ መማር ግን በሁለቱም መንገድ አይመከርም።