የአድማጭ ምስክርነት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ከማንበባችሁ በፊት በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚገኝ የቆየ ሬዲዮ ፈልጋችሁ በመርፌው ሥር የተጻፉትን ቁጥሮች ተመልከቱ።

ከካርቱም መካከል ወደ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካላክላ የሚባል ሰፊ የመኖሪያ ሠፈር ይገኛል። በካርቱምና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለረጅም ዘመን ኖረዋል፤ ከፊሎቹ እንጀራ ፍለጋ፣ ከፊሎቹም በስደት የሄዱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በ1980ዎቹ ዓ.ም. ካላክላ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት በምሳሌነት እንውሰድ። ወጣቱ ቀኑን በሥራ ያሳልፋል። ሲመሽ የቤቱ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ገና ስለሚተፋ፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ይተኛል። በራስጌው ባለ ባትሪ ድንጋይ ትንሽ ሬዲዮ አለች። መርፌዋን ቀስ እያደረገ ሲያዞር ከፉጨትና ከጩኸት መካከል አማርኛ ይሰማል። ድምፁ ይቀርባል፤ ይርቃል፤ ደግሞ ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መሬት ክብ ስለ ሆነች በቀጥታ የሚጓዝ ሞገድ ከዚያ ሳይደርስ ወደ ጠፈር ማምለጥ ነበረበት። አጭር ሞገድ ግን ሌላ መንገድ አለው። ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ በፀሐይ ጨረር ኃይል የኤሌክትሪክ ጠባይ ያገኘ የአየር ክፍል አለ፤ ስሙም አዮኖስፌር ይባላል። አጭር ሞገድ ወደዚህ ክፍል ሲደርስ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል። ቀን ቀን የአዮኖስፌር ዝቅተኛው ሽፋን በተለይ ረዘም ያሉትን ሞገዶች ይውጣቸዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይህ ሽፋን ይከስማል። ሩቅ ጣቢያዎች ማታ ማታ በርከት ብለው የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3000 እስከ 30000 ኪሎ ኸርዝ ያለው ነው። የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 300000ን በኪሎ ኸርዙ ቁጥር ማካፈል ይበቃል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት በ9705 ኪሎ ኸርዝ ይሰማ ነበር፤ ስሌቱ ወደ 31 ሜትር ይሰጣል። በአሮጌ ሬዲዮኖች ገጽ ላይ «31 ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። የሚያስገርመው ግን፣ በሬዲዮ መጀመሪያ ዘመን ከ200 ሜትር ያጠሩ ሞገዶች ለቁም ነገር አይጠቅሙም ተብለው ለአማተሮች፣ ማለትም ለደስታቸው ሲሉ ሬዲዮ ለሚሠሩ ሰዎች፣ መተዋቸው ነው። እነዚሁ አማተሮች በኅዳር ወር 1923 እ.ኤ.አ. በአጭር ሞገድ ከአሜሪካ እስከ ፈረንሳይ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ መንግሥታትና ኩባንያዎች በተናቀው ሞገድ ላይ ተሻሙ።

አሁን ወደ ካላክላው ወጣት እንመለስ። እርሱ አዲስ አበባን ይሰማል፤ አዲስ አበባ ግን እርሱን አይሰማም። የጣቢያው መሐንዲስ ማሰራጫው መሥራቱን በመሣሪያ ሊያውቅ ይችላል፤ ድምፁ በ1000 ኪሎ ሜትር ርቀት እንዴት እንደሚሰማ ግን በቦታው ያለ ጆሮ ካልነገረው አያውቅም። ስለዚህ አድማጮች የሰሙትን ጽፈው ይልካሉ። ጣቢያው የተጻፈውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ እውነት ሆኖ ሲያገኘው የማረጋገጫ ካርድ ይልካል። ካርዱ ኪው.ኤስ.ኤል. ይባላል፤ ይህም ከቴሌግራፍ ሠራተኞች የምሕጻር ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን መልእክት መድረሱን ያረጋግጣል። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥት እስኪወረስ ድረስ እንዲህ ያሉ ካርዶችን ይልክ ነበር፤ የመጥሪያ ስሙም ኢ.ቲ.ኤል.ኤፍ. ነበር። በየአገሩ ያሉ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ አክብረው ይዘዋቸዋል።

በመግለጫ አጻጻፍ ከሁሉ የሚያስቸግረው ሰዓት ነው። ወጣቱ ከአገሩ ይዞት የመጣውን አቆጣጠር ስላልተወ የእጅ ሰዓቱ ከምሽቱ 2፡30 ይላል። የሱዳናዊው ጎረቤቱ ሰዓት 7፡30 ይላል፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን የካርቱም ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀር ነበር። በጣቢያዎች ዘንድ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 17፡30 ነው። ቅጽበቱ አንድ ሲሆን ቁጥሩ ሦስት ሆነ። ወጣቱ ሳያስብ «2፡30» ብሎ ቢጽፍ መሐንዲሱ መዝገቡን የሚገልጠው ሊነጋጋ ሲል ወዳለው ስርጭት ነው፤ የተጻፈውን ዘፈን ስለማያገኘውም መግለጫውን ሐሰት ነው ብሎ ይጥለዋል። ለኢትዮጵያዊ የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው፤ በአገራችን የቀን ሰዓት ላይ 3 መደመር፣ በሌሊት ሰዓት ላይ ደግሞ 15 መደመርና ድምሩ 24 ከሞላ 24ን መቀነስ ነው። በጎረቤት ሰዓት መተማመን ግን አደገኛ ነው። ሱዳን በ1992 ዓ.ም. ሰዓቷን ከአዲስ አበባ ጋር አስተካከለች፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀድሞው መለሰችው።

የሚከተለው ለናሙና የተዘጋጀ መግለጫ ነው፤

ካላክላ፣ ካርቱም
ጥር 13 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያ ሬዲዮ የቴክኒክ ክፍል
አዲስ አበባ

ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ሰዓት ከ17፡30 እስከ 18፡05 በ7110 ኪሎ ኸርዝ ያሰራጫችሁትን የአማርኛ ዝግጅት አዳምጫለሁ። በ17፡34 ስለ ቡና ገበያ የሚገልጽ ዜና በሴት ድምፅ ተነበበ። ከ17፡41 እስከ 17፡46 በክራር የታጀበ ዘፈን ተሰማ። በ17፡52 ድምፁ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፈጽሞ ጠፍቶ ተመለሰ። የድምፁ ኃይል 3፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት 2፣ የአየሩ ሁከት 3፣ የድምፁ መዋዠቅ 3፣ ጠቅላላ አሰማሙ 2 ነው። በ7200 ኪሎ ኸርዝ ያለው የሱዳን ሬዲዮ ቅርብና ብርቱ ስለ ሆነ በእኔ አነስተኛ መቀበያ ላይ ይጫናችኋል። አንቴናዬ ከጣራ እስከ ኒም ዛፍ የተዘረጋ 8 ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። መግለጫዬ ትክክል ሆኖ ከተገኘ የማረጋገጫ ካርድ እንዲላክልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አምስቱ ቁጥሮች ሲንፖ በተባለው ዓለም አቀፍ ስልት መሠረት የተሰጡ ናቸው፤ 5 እጅግ ጥሩ፣ 1 እጅግ መጥፎ ማለት ነው። ካርድ ለማግኘት የሚቸኩሉ ሰዎች ጣቢያውን ለማስደሰት አምስት ጊዜ 5 ጽፈው፣ «ድምፃችሁ እንደ መስተዋት ጠርቶ ይሰማል» ብለው ይጨምራሉ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለመሐንዲሱ ባዶ ወረቀት ነው። የካላክላው ወጣት «ሌላ ጣቢያ ይጫናችኋል» ማለቱ ግን ሞገድ ለመለወጥ ወይም ኃይል ለመጨመር ምክንያት ይሆናል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በተነሣበት ምሽት የሰማ አድማጭ ይህንኑ መጻፍ አለበት፤ የሚንኮሻኮሸው ድምፅ ከአቧራው የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሁከት ሊሆን ይችላልና።

ከደብዳቤው ይልቅ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በስደት የወጣ ሰው አድራሻውን ጽፎ ለአገሩ መንግሥት ጣቢያ መላክን ይፈራል። ስለዚህ የመጀመሪያ መግለጫውን ወደ ውጭ አገር ጣቢያ ሊልክ ይችላል፤ ለምሳሌ መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የአማርኛ ዝግጅት ወደ ጀመረው፣ በዚያ ጊዜ መቀመጫው ኮሎኝ ወደ ነበረው ወደ ዶይቸ ቬለ። የአዲስ አበባውን ደብዳቤ ጽፎ ሳይልክ ብዙ ወራት ሊያቆየው ይችላል። በመጨረሻ ከላከው ግን፣ ተመልሶ የሚመጣው ካርድ ስሙ በትክክል ተጽፎበት ከአገሩ የደረሰው ብቸኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ለአማተሮች የሚላክ መግለጫ ጥቂት ይለያል። የኢትዮጵያ አማተሮች መጥሪያ በኢ.ቲ.፣ የሱዳን ደግሞ በኤስ.ቲ. ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. ይባላል። አድማጭ ሁለት አማተሮች ሲነጋገሩ ከሰማ የሁለቱንም መጥሪያ መጻፍ ይገባዋል፤ ያለዚያ ጸሐፊው በእርግጥ መስማቱ አይታወቅም።

በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ ጣቢያዎች የአጭር ሞገድ ማሰራጫቸውን ዘግተው ወደ ኢንተርኔት ሄዱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ በከተማይቱ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ከሱዳናውያን ጋር ተሰደዱ። ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቢ.ቢ.ሲ. ለሱዳን አድማጮች በአጭር ሞገድ አስቸኳይ የዐረብኛ ዝግጅት ጀመረ። በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. የስልክና የኢንተርኔት መሥመሮች በአብዛኛው ሱዳን ሲቋረጡ፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ ያለው ሰው ዜና ይሰማ ነበር።

መልመጃ

ሀ. ወጣቱ ከሌሊቱ 10፡15 ላይ አንድ ጣቢያ ቢሰማ በዓለም አቀፍ ሰዓት ስንት ብሎ ይጽፋል?
ለ. 5990 ኪሎ ኸርዝ በሜትር ስንት ይሆናል?
ሐ. በናሙናው ደብዳቤ ውስጥ ጸሐፊው በእርግጥ ማዳመጡን ከሁሉ ይልቅ የሚያረጋግጠው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ግለጹ።
መ. ዛሬ ማታ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ለግማሽ ሰዓት አዳምጣችሁ፣ ያልሰማችሁትን ሳትጨምሩ፣ ለጣቢያው መግለጫ ጻፉ።